ደም፣ ቢምቢና አንድ ሳምንት

 

ዛሬ የምናገረው ስለ ደምና በደም ስለሚተላለፉ የቢምቢ ቫይረሶች ነው። ነገሬን ሳልጀምር ግን አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እለምናለሁ። የምለው ሁሉ ማንንም ደም ከመስጠት እንዲያርቅ አልፈልግም። ከቀብሪበያህ ወይም ከአውበሬ፣ በወሊድ ደም እየፈሰሳት ወደ ጅግጅጋው ካራማራ ሆስፒታል ወይም ወደ ሼህ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታል የምትመጣ እናት ደም ካላገኘች ትሞታለች። እኔ የማወራው ቫይረስ ደግሞ በአንድ ከረጢት ደም ውስጥ ሊኖርም ላይኖርም የሚችል ነገር ነው። ላይኖር የሚችለውን ፈርቶ በእናት ላይ ሞት የሚፈርድ ሰው በዚህ አዳራሽ ይኖራል ብዬ አላምንም። ደም መስጠቱ ይቀጥላል፤ ይጨምራልም። የምንነጋገረው የምንሰጠው ደም ተቀባዩን እንዳይጎዳ ምን እናድርግ በሚለው ላይ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከጎረቤታችን ከድሬዳዋ ነው። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በዚያች ከተማ ሰው በትኩሳት መውደቅ ጀመረ። ወባ ነው ተብሎ ደሙ ሲታይ ወባ የለበትም። ራሱን ይፈልጠዋል፣ ከዓይኑ ጀርባ ይወጋዋል፣ አጥንቱ የተሰበረ እስኪመስለው ይቆረጥመዋል። ናሙና ተመርምሮ ደንጌ መሆኑ ታወቀ። በኢትዮጵያ በላብራቶሪ የተረጋገጠ የመጀመሪያው የደንጌ ወረርሽኝ ያ ነበር፤ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ታመመ። ከዚያ በሽታው ወደ ቆላው ወረደ። ጎዴ ገባ፤ አፋር ውስጥ አዳር ደረሰ፤ ቆይቶም ቀብሪደሐር ታየ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ዶሎ አዶ ላይ ሌላ ቫይረስ፣ ቺኩንጉንያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ተረጋገጠ። በዚያው ዓመት ከድንበር ማዶ በኬንያዋ ማንዴራ ሕዝቡን አልጋ ላይ የጣለው ይኸው በሽታ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ቺኩንጉንያ ድሬዳዋን አገኛት፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው መገጣጠሚያው ተይዞ፣ ጎብጦ፣ ግድግዳ ተደግፎ ሲሄድ ታየ።

እንግዲህ ካርታውን በዓይነ ሕሊናችሁ ዘርጉት። በሰሜን ምዕራብ ድሬዳዋና የሲቲ ዞን ቆላ አለ፤ ባቡሩም መኪናውም በዚያ ወደ ጅቡቲ ያልፋል። በደቡብ ጎዴ፣ ቀብሪደሐርና ዶሎ አሉ። በምሥራቅ ቶግ ወጫሌና የሐርጌሳ መንገድ ነው። መሐል ላይ ጅግጅጋ ናት። ከድሬዳዋ በጠዋት የተነሣ ሰው ለምሳ ጅግጅጋ ይደርሳል፤ ቫይረሱን በደሙ ይዞ የተነሣም እንዲሁ ይደርሳል። «እኛ ደጋ ነን፣ ይህ የቆላ ነገር ነው» ሲባል እሰማለሁ። ጅግጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ይህን በሽታ የምታስተላልፈውን ኤደስ ኢጂፕታይ የተባለች ቢምቢ ይህ ከፍታ አያግዳትም። ውኃና ሰው ካገኘች ትኖራለች።

ውኃውን የምንሰጣት እኛ ነን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የክልላችን የቢምቢ ታሪክ የውኃ እጥረት ታሪክ ነውና። የደጋ ሰው ቢምቢን የሚያውቃት ከረግረግና ከወንዝ ዳር ነው። በእኛ አገር ረግረጉ ቤት ውስጥ ነው። ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የማታውቅ እናት በርሜሏን፣ ጀሪካኗን፣ ሮቶዋን ሞልታ ታስቀምጣለች። በገጠሩ ብርካ ተቆፍሮ የዝናብ ውኃ ይጠራቀማል፤ ድርቅ ሲሆን ቦቴ መጥቶ ይሞላዋል። ያለዚህ ውኃ ሕይወት የለም። እናቲቱን «ውኃ አታጠራቅሚ» የሚል ሰው ኑሮዋን አያውቅም። ኤደስ ደግሞ የምትፈልገው ይህንኑ ነው፤ ንጹሕ፣ የማይፈስ፣ ጥላ ያገኘ ውኃ። እንቁላሏን ከውኃው ጠርዝ በላይ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች። በርሜሉ ቢደርቅ እንቁላሉ አይሞትም፤ ለወራት ደርቆ ይቆይና ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ ውኃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ ውስጡ በየሳምንቱ መፈተግ፣ አፉም ጥብቅ ብሎ መከደን አለበት። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ጊዜ በሙቀት ወራት ከሳምንት ብዙ አይበልጥም። በመኪና ማጠቢያዎችና በጎሚስታዎች ደጃፍ የተከመረው ያረጀ ጎማም የዝናብ ውኃ ሲይዝ ያው ነው። በሰሜኑ ወረዳዎች የካራን ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ሲጥል እነዚህ ጎማዎች ሁሉ ይሞላሉ።

ኤደስ የምትነድፈው በቀን ነው፤ በተለይ ጠዋትና ከቀትር በኋላ። አጎበር ለወባ የምናምነው ጋሻ ነው፤ ቀን ሰው በተቀመጠበት ግን አጎበር የለም። በእኛ ከተሞች ደግሞ ከቀትር በኋላ ሰው የት ነው? ጫት በሚቃምበት በርጫ ላይ ነው። በተዘጋ፣ ጥላ በያዘ ክፍል፣ ብዙ ሰው ጎን ለጎን ለሰዓታት ይቀመጣል። ኤደስ የምታርፈው እንዲህ ባለ ጥላ ያለው ክፍል ውስጥ ነው፤ አንዱን ነድፋ ከተነካች ወደ ቀጣዩ ታልፋለች። ቀኑን ከማን ጋር፣ የት እንደምናሳልፍ ያልጠየቀ የጤና ትምህርት ለእኛ ከተማ የተዘጋጀ ትምህርት አይደለም።

በዚህ ላይ አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የእስያ የወባ ትንኝ ተጨምራለች። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው በ2009 ዓ.ም. በቀብሪደሐር ነው፤ ከዚያ ወዲህ በጅግጅጋም ታይታለች። እሷም እንደ ኤደስ በተጠራቀመ ውኃ ትራባለች። ስለዚህ አንድ የተከደነ በርሜል ወባንም፣ ደንጌንም፣ ቺኩንጉንያንም ይከለክላል።

የቢምቢ ቫይረስ ለዚህ ሕዝብ እንግዳ አለመሆኑን ከብት ነጋዴዎቻችን ይመሰክራሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው በሽታ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ተነሣ። ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣውን ከብት ዘጋች፤ የበርበራ ወደብ ጭር አለ። ከዚህ ክልል በጎችና ፍየሎች የሚወጡት በዚያ ወደብ ነበርና በጅግጅጋ ዙሪያ ያለው አርብቶ አደር ዓመታት ተጎዳ። እገዳው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ያም በሽታ ቢምቢ የምታዛምተው ቫይረስ ነው፤ ሰው ደግሞ ከቢምቢ ንድፊያ ሌላ በታመመ ከብት ደምና ሥጋ ንክኪ ይይዘዋል። ያን ጊዜ አንድ ቫይረስ የቤታችንን ጓዳ ባዶ ሲያደርግ አይተናል።

አሁን ወደ ደሙ እንምጣ።

ቫይረሱን የያዘች ቢምቢ አንድ ሰው ነደፈች እንበል። ሰውየው ወዲያው አይታመምም። ደንጌ ከሆነ ከ4 እስከ 10 ቀን ምንም አይሰማውም። ትኩሳቱ ሊነሣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ቫይረሱ በደሙ ውስጥ መዞር ይጀምራል፤ ትኩሳቱ ከተነሣም በኋላ አምስት ቀን ያህል ይቆያል። በጠቅላላው አንድ ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያ ሰውነቱ ያሸንፈዋል፤ ደሙ ይጠራል። ቺኩንጉንያም አካሄዱ ይመሳሰላል፤ በእነዚያ ቀናት በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን እጅግ ብዙ ነው። ከባዱ ነገር ይህ ነው፤ በደንጌ ከሚያዙ አራት ሰዎች ሦስቱ ያህል ምንም ዓይነት ሕመም አይሰማቸውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በዓለም ላይ በዓመት 390 ሚሊዮን ሰው በደንጌ እንደሚያዝ፣ ከዚያ ውስጥ የሚታመመው 96 ሚሊዮን ብቻ እንደሆነ ገምቷል። የቀሩት ይሠራሉ፣ ይማራሉ፣ ይነግዳሉ። ደምም ይለግሳሉ።

አንድ ጤነኛ የሚመስል ወጣት በዚያ ሳምንት ውስጥ ወደ ደም ባንክ ቢመጣ ምን ይሆናል? ክብደቱ ይለካል፣ የደም ግፊቱና የሄሞግሎቢን መጠኑ ይታያል፣ ደሙ ይወሰዳል። ከዚያ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲና ለቂጥኝ ይመረመራል። እነዚህ ምርመራዎች የብዙ ሰው ሕይወት አትርፈዋል፤ ያለ እነርሱ ደም መስጠት አይታሰብም። ደንጌን ግን አያዩም፤ ቺኩንጉንያንም አያዩም። ደሙ በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 35 ቀን ይቀመጣል፤ ቅዝቃዜው ቫይረሱን አይገድለውም።

«ታዲያ ለምን አይመረመርም?» ትሉኛላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድ ቫይረስ በሰው ደም ውስጥ መኖሩን የምናውቅበት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሰውነት በቫይረሱ ላይ የሠራውን አንቲቦዲ መፈለግ ነው፤ ሁለተኛው ራሱን ቫይረሱን መፈለግ ነው። አንቲቦዲው እንደ ደረቅ ወንዛችን አሸዋ ነው፤ ጎርፉ ማለፉን ይነግራችኋል፣ ዛሬ ጎርፍ አለ አይላችሁም። በጅግጅጋ ለጋሾች ደም ውስጥ የደንጌ አንቲቦዲ ቢገኝ ያ ሰው አንድ ቀን ተይዞ ነበር ማለት ነው፤ ደሙ ዛሬ አደገኛ ነው ማለት አይደለም። ይህን የምናገረው ወሬው ሲጓዝ ስለሚበላሽ ነው። «የለጋሾች ደም በቫይረስ የተሞላ ነው» የሚል ወሬ ከተነሣ ደም ባንኩ በአንድ ሳምንት ባዶ ይሆናል።

አንቲቦዲውም ቢሆን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ደንጌ፣ ቢጫ ወባ፣ ዚካና ዌስት ናይል የአንድ ቤተሰብ ቫይረሶች ስለሆኑ የአንዱ አንቲቦዲ በሌላው ምርመራ ላይ ሊወጣ ይችላል። የቢጫ ወባ ክትባት የወሰደ ሰውም ምርመራውን ያሳስታል። ደግሞም ለጋሾቻችን ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ከወላይታ፣ ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባ የመጡ አሉባቸው። አንቲቦዲው የተሠራው እዚህ ይሁን ወይም ሌላ ቦታ፣ ትውልድ ቀዬውንና የኖረበትን ሳትጠይቁ አታውቁትም። እንዲያም ሆኖ የለጋሾችን ደም ለአንቲቦዲ የመመርመሩን ሥራ እወደዋለሁ። የለጋሽ ናሙና ለሌላ ምርመራ ከተወሰደ በኋላ የሚተርፈው ጠብታ፣ ለጋሹ ፈቅዶ፣ በከተማችን የትኛው ቫይረስ እንዳለፈ ሊነግረን ይችላል። ወረርሽኝ ሆስፒታል እስኪሞላ መጠበቅ የለብንም።

ሁለተኛው መንገድ፣ ቫይረሱን ራሱን መፈለግ፣ በፒሲአርና በመሰል ምርመራ ይሠራል። አሜሪካኖች ይህን አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ዌስት ናይል ቫይረስ ከደም ጋር ለ23 ታካሚዎች ተላልፎ ተገኘ፤ በዓመቱ የለጋሾችን ደም ሁሉ ለዚህ ቫይረስ መመርመር ጀመሩ። ለእኛ ግን እያንዳንዱን ከረጢት ለደንጌ፣ ለቺኩንጉንያ፣ ለዚካና ለሌሎቹም እንመርምር ማለት ዛሬ የማይቻል ወጪ ነው። ሐሳቤን በግልጽ ልናገር፤ ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ደም በበቂ መጠን እንዲሰበሰብ፣ ማቀዝቀዣው እንዳይቋረጥና የአራቱ በሽታዎች ምርመራ ዕቃ አንድም ቀን እንዳያልቅ ነው።

ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? አይደለም። ሌሎች ምን እንዳጋጠማቸውና ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ሲንጋፖር ውስጥ ደም የሰጠ አንድ ሰው ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ያዘው፤ ደንጌ ነበር። ደሙ ግን ለታካሚዎች ተሰጥቶ ነበርና በሽታው ተላለፈባቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በብራዚል ትልቅ የደንጌ ወረርሽኝ በነበረበት ሰሞን በሪዮና በረሲፌ ከተሞች የለጋሾች ደም ተመረመረ፤ ከ200 ለጋሾች ቢያንስ በአንዱ ደም ውስጥ ቫይረሱ ተገኘ። ያን ደም ከወሰዱት፣ በበሽታውም ከዚያ በፊት ካልተያዙት ታካሚዎች መካከል ሲሶ ያህሉ ተያዙ። ቀሪውንም በእውነት መናገር ስላለብኝ፣ በዚያ ጥናት የተያዙት ታካሚዎች ካልተያዙት የከፋ ጉዳት ሲደርስባቸው አልታየም። አደጋው አለ፤ ከእናቲቱ ሞት ጋር ሲመዛዘን ግን ትንሽ ነው። ይህን ሚዛን መያዝ አለብን።

ከሁሉ የሚያስተምረኝ የሬዩንዮን ደሴት ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለች፣ ያን ጊዜ ወደ 780 ሺህ ሕዝብ የነበራት ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 ቺኩንጉንያ ገባባትና ከሕዝቧ ሲሶ በላይ ተያዘ። በወረርሽኙ ጫፍ ላይ ከ1,000 ለጋሾች ውስጥ 15ቱ ያህል ቫይረሱን በደማቸው ሊይዙ ይችላሉ ተብሎ ተገመተ። ደሴቲቱ እ.ኤ.አ. በጥር 2006 ደም መሰብሰብ አቆመች፤ ደም በአውሮፕላን ከፈረንሳይ ይመጣላት ጀመር። ጣሊያኖችም እ.ኤ.አ. በ2007 ቺኩንጉንያ ኤሚሊያ ሮማኛ ሲገባባቸው በተነካው አካባቢ ደም መሰብሰብ አቆሙ። በዙሪያው ባሉት ከተሞች የሚሰበሰበውን ደም ደግሞ ለጥቂት ቀናት አቆይተው፣ ለጋሹ አለመታመሙን ጠይቀው ይጠቀሙበት ነበር።

እኛ ሬዩንዮን አይደለንም፤ ደም በአውሮፕላን ከባሕር ማዶ ማምጣት አያሻንም። ፈጣሪ ደጋ ሰጥቶናል። ለኤደስ የማይመቹ ከፍተኛ ከተሞች ብዙ ናቸው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው የደም አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ መንግሥት ከተዛወረ ወዲህ የደም ባንኮች በመንግሥት ሥር ናቸው። በጅግጅጋ ወይም በሲቲ ወረርሽኝ ሲነሣ ደጋው ደም ይላክልን፤ በደጋ አደጋ ሲደርስ ደግሞ እኛ እንልካለን። ይህ በስልክ የሚለመን ውለታ መሆን የለበትም፤ አስቀድሞ የተጻፈ ስምምነት ይሁን። የክልሉ ጤና ቢሮ የበሽታ ክትትል ክፍል የትኩሳት ቁጥር መጨመሩን ባየበት ቀን ለደም ባንኩ ይንገረው። በአንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ሁለት ቢሮዎች ናቸው፤ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው በማግሥቱ ማወቅ ይችላል።

የቀረው በለጋሹ እጅ ያለ ነው፤ እኔም የመጣሁት በተለይ ለዚህ ነው።

አንድ ሰው በቅርቡ ትኩሳት፣ ቁርጥማት፣ ሽፍታ ወይም የዓይን ጀርባ ሕመም ይዞት ከነበረ ደም አይስጥ። ከዳነም በኋላ ቢያንስ አራት ሳምንት ይቆይ። ወረርሽኝ ካለበት ከተማ የተመለሰ ሰውም እንዲሁ። ይህን ሲናገር የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ለጋሽን የሚጠይቅ ባለሙያም ጥያቄውን በሶማሊኛ፣ ዝግ ብሎ፣ ለብቻው ይጠይቅ። በወረፋ፣ ጓደኞቹ እየሰሙ «አሞህ ያውቃል?» የሚባል ወጣት «አላመመኝም» ነው የሚለው።

እዚህ ላይ ስለ ዘመድ ልናገር። በእኛ ሕዝብ ዘንድ አንድ ሰው ጉዳት ሲደርስበት ጎሳው ሁሉ ይሰበሰባል፤ የደም ካሣ ሲኖር ሁሉም ያዋጣል፤ ዘመድ ሆስፒታል ሲገባም ሁሉም እጁን ዘርግቶ «የእኔን ውሰዱ» ይላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ነገር ግን እህቱ በር ማዶ ደም እየፈሰሳት ያለ ወንድም ሦስት ቀን አሞት እንደነበር ይናገራል? አይናገርም። ፍቅሩ አያስችለውም። በዘመዶቹ ፊት «እኔ አልችልም» ማለትም የሚያዋርደው ይመስለዋል። በፈቃዱ ከሳምንታት በፊት የሰጠ ሰው ግን የሚደብቅበት ምክንያት የለውም። ደሙ ተመርምሮ፣ ተጠብቆ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ እህታችንን ይጠብቃታል። በፈቃደኛ ለጋሽ የተሞላ ማቀዝቀዣ ለዚህ ቫይረስ ካለን ምርመራ ሁሉ ይበልጣል የምለው ስለዚህ ነው። የጎሳ ሽማግሌዎቻችን አንድ ሰው ሲታመም የሚያሰባስቡትን ሕዝብ፣ ማንም ሳይታመም በየሦስት ወሩ ቢያሰባስቡልን የጅግጅጋ ደም ባንክ ለዘመድ ልመና አይዳረግም ነበር።

ማቀዝቀዣው ከሞላ ማቆየትም ይቻላል። ደሙ 35 ቀን ይኖራል ብያለሁ። በወረርሽኝ ሰሞን የተሰበሰበውን ደም አምስት ወይም ስድስት ቀን አቆይቶ፣ ለለጋሹ ደውሎ «ከሰጠህ ወዲህ ደህና ነህ?» ብሎ ከዚያ መስጠት ይቻላል። ባዶ ማቀዝቀዣ ያለው ደም ባንክ ግን ይህን ማድረግ አይችልም፤ ጠዋት የገባው ከሰዓት ይወጣል። የደም እጥረትና የደም ደኅንነት አንድ ጉዳይ ናቸው።

ስልኩ የተያዘውን ለጋሽ ሁሉ አይዝም። በደንጌ ተይዞ ምንም ያልተሰማው ሰው የሚናገረው ነገር የለውም፤ እሱን ለመከላከል የደጋው ደምና የተከደነው በርሜል ናቸው ያሉን። ቺኩንጉንያ ግን ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹን ያሳምማል፤ ስለዚህ ስልኩ ብዙውን ይይዛል። ደውሎ ለጋሹን መጠየቅ ከአንድ የላብራቶሪ ምርመራ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው።

ስለ ክትባት አንድ ነገር ልጨምር። ቢጫ ወባ በአገራችን ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 30 ሺህ ሰው እንደገደለ ይገመታል። የክትባት ዘመቻ ሲመጣ ሁላችሁም ተከተቡ። ክትባቱ ግን የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የቢጫ ወባ ክትባት ወስደው በአራተኛው ቀን ደም የሰጡ ሰልጣኝ ወታደሮች ነበሩ፤ የክትባቱ ቫይረስ ደማቸውን ለወሰዱ ታካሚዎች ተላለፈ። ስለዚህ ከተከተባችሁ አራት ሳምንት ቆይታችሁ ስጡ። ከተቻለ ደግሞ ከመከተባችሁ በፊት ስጡ፤ ሁለቱም ይሳካል።

የሆስፒታል ባልደረቦቼ፣ ደም የወሰደ ታካሚ ከቀናት በኋላ ትኩሳት ሲይዘው ወባ ብቻ አትፈልጉ። የተሰጠውን የከረጢት ቁጥር አይታችሁ ለደም ባንኩ ንገሩ። ደንጌ ከተጠረጠረ አስፒሪንና ኢቡፕሮፌን አትስጡ፤ መድማትን ያብሳሉ። ፓራሲታሞልና ፈሳሽ ይበቃል፤ ትኩሳቱ የሚለቅበትን ቀን ግን በዓይናችሁ ጠብቁት፤ ከባዱ የደንጌ ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው።

ሼሆቻችን በጁምዓ ኹጥባ፣ መምህራን በክፍል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ይህን እንዲያደርሱልኝ እጠይቃለሁ። ዕድሜያችሁ 18 የሞላ፣ ክብደታችሁ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ጤነኞች ከሆናችሁ በዚህ ሳምንት ወደ ጅግጅጋ ደም ባንክ ሂዱ። ትኩሳት ከነበረባችሁ ተናገሩና በሌላ ቀን ተመለሱ። የምትሰጡትን ስልክ ቁጥር ትክክለኛውን አስመዝግቡ። ሰጥታችሁ ከሄዳችሁ በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢያማችሁ፣ ማታም ይሁን ዓርብ፣ ደውላችሁ ተናገሩ፤ የእናንተ ከረጢት ገና ማቀዝቀዣ ውስጥ ሊሆን ይችላል።